የመኩሪያ መርዝ

ሙት ወቃሽ አትበሉኝ አልልም፤ በሉኝ። ባለፈው የገበያ ቀን መካነ ሰላም ላይ ለስፌቴ ስንደዶ ስመርጥ፣ ጨው የምትሸጠው ጎረቤቴ ከወዲያ ማዶ ጮኸች። "ዘይነባ፣ ሰማሽ ወይ? ያ የዘር መጋዘኑ አቶ መኩሪያ ደሴ ላይ ዐረፉ አሉ!" አካባቢው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። "እንደሳቸው ያለ ንጹሕ ሰው የት ይገኛል?" አለ አንዱ። "ከመንግሥት እህል አንዲት ፍሬ አፋቸው ሳትገባ ሄዱ" አለ ሌላው። ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር ሲል እስላሙ አላህ ይዘንላቸው ሲል እኔ ስንደዶዬን መምረጤን ቀጠልኩ። ጨው ሻጯ ዓይኗን ተክላብኝ ቀረች። አንቺስ ምን ትያለሽ ማለቷ ነው። ብናገር ኖሮ የሚወጣው ቃል ለገበያ የሚሆን አልነበረም።

ንጹሕ ነበር? አዎ፣ ነበር። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት አርጅቼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነውና የተንጋደደ ቃል ብታገኙ እለፉኝ። እሱን ግን አላልፈውም። "እሳቸው" እያልኩም አልጽፍም። በሕይወቱ ሳለ አፌ እስኪደክም አንቱ ብዬዋለሁ፤ ይበቃዋል።

በጃንሆይ መጨረሻ ዘመን ጎረቤቴ ነበር፤ አጥራችን አንድ ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ካኪ ለባሽ ሰው። የመጋዘኑን ቁልፍ በክር አንጠልጥሎ ከሸሚዙ ሥር አንገቱ ላይ ያስረዋል። ሥራ ሲጨርስ ደጁ ላይ ይቆምና የሱሪውን እጥፋት ይፈታል፤ ያራግፋል፤ ጫማውንም አውልቆ ከደፉ ጋር ያጋጨዋል። የወደቀችውን ፍሬ አንድ በአንድ ለቅሞ ወደ ውስጥ ይመልሳል። የከተማው ልጆች እሱን እያስመሰሉ ሱሪያቸውን ማራገፍ ጨዋታ አድርገውት ነበር። አንድ ቀን የገዛ ዶሮው ከመጋዘኑ ደጅ የፈሰሰ ስንዴ ለቀመችበት። "የመንግሥት በላች" ብሎ ከቤቱ እፍኝ ስንዴ አምጥቶ ተካ። ወላሂ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሰው ግን አይወድም። ዘር የሚታደለው ሰኔና ሐምሌ፣ ጎተራው ተሟጦ ሰው በሚራብበት ወር ነው። ገበሬው ከየሸንተረሩ እየመጣ፣ ጋቢውን ለዝናብ ተከናንቦ ከጧት ጀምሮ ደጁ ላይ ይቆማል። መኩሪያ ውስጥ ተቀምጦ መዝገቡን ያገላብጣል። ሲወጣ የመጀመሪያ ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ገበሬና ወፍ አንድ ነው፤ ዘር ካየ ይለቅማል።" የሚለው ሰዎቹ ፊት ነው። ጥምጥም የጠመጠሙ፣ አባቱ የሚሆኑ ሰዎች! አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሸህ በትሕትና "ኧረ ልጄ፣ ወፍም እኮ ነፍስ አላት" ቢሉት ወደ ሰልፉ መጨረሻ መለሳቸው። እስኪመሽ ቆመው ዋሉ።

አንድ ዓመት በልጉ ቀረ። በልግ የቀረበት ደጋ ክረምቱን እንዴት እንደሚገፋው የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የታደለው ዘር መሬት አልገባም፤ ድስት ገባ። መኩሪያ በዚህ ተቃጠለ። በሚቀጥለው ሰኔ ዕደላው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

"ዘይነባ፣ ያ አለላ የምትነክሪበት ቀይ ቀለም አለሽ?"

"አለኝ። ምን ሊያደርግልዎ?"

"ለመንግሥት ሥራ።"

እኔ ሰፌድና ሞሰብ ሰፍቼ የምተዳደር ሴት ነኝ። የመንግሥት ሥራ በእኔ ቀለም ሊሠራ! ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሻችሁ። በገዛ ድስቴ አፈላሁለት። መጋዘኑ ውስጥ ስንዴው ላይ እየረጨን በአካፋ አገላበጥነው። ሁለቱም እጆቼ እስከ ክርኔ ቀሉ። መኩሪያ ክምሩን አይቶ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። "አሁን ይብሏት እስቲ!" አለ።

በማግስቱ ጆንያ ላይ ቆሞ ለፈፈ። "ይህ ዘር መድኃኒት የተቀባ ነው። መርዝ ነው። የበላ ይሞታል።" ሕዝቡም አመነ። ዘሩን ከሰውነቱ አርቆ፣ እየፈራ ተሸክሞ ሄደ። እኔም በልቤ ምን ያለ ብልህ ሰው ነው አልኩ።

በሳምንቱ እህቴ ሀዋ መጣች። ሀዋ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ታላቄ ናት። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ አገር ተድራ ነበር። ስትገባ ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ተቀምጣ እንኳ አልጨረሰችም።

"አሊ ከበሬዎቹ ኋላ መቆም አቅቶታል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል" አለችኝ። አሊ ባሏ ነው። "ቤት ውስጥ አንድ ቁና ስንዴ አለ። መርዝ ነው ተብለን እያየነው ተራብን።"

ምን ላድርግ? እህቴ ናት። ሁለቱን እጆቼን ዘረጋሁላት። "እታለም፣ መርዙ ይኸውልሽ፣ እጄ ላይ ነው። የአለላ ቀለም ነው። በደንብ እጠቢና ቀቅይው። ለማንም እንዳትናገሪ ብቻ።"

እጆቼን አየች፤ ፊቴን አየች፤ ከዚያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቀዩን እጄን ሳመችው። ከዚያ በፊትም በኋላም እጄን የሳመኝ ሰው የለም።

አልተናገረችም አልልም። ለአሊ ነገረችው፤ አሊ ለወንድሙ፤ ወንድሙ ለሚስቱ። ሐምሌ ሳይጋመስ አገሩ ሁሉ ስንዴውን እያጠበ ንፍሮ ይበላ ጀመር። ማንም ሆዱን እንኳ አልቆረጠውም። "የመኩሪያ መርዝ" ማለት ጨዋታ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ "ና፣ መርዝ ቅመስ" ይባል ነበር። እረኛውም ገጠመበት፦

የመኩሪያን መርዝ ቀምሼው አደርኩኝ፣
ያልቀመስኩ ጊዜ ነው በራብ የሞትኩኝ።

ዘፈኑ መካነ ሰላም ሲደርስ መኩሪያ ፊቱ ጠቁሮ አጥሩ ላይ መጣ። "አንቺ ነሽ ያወጣሽው?" አለኝ። "ወላሂ አይደለሁም" አልኩት። በአላህ ስም በውሸት ማልኩ፤ አስተግፊሩላህ። አጥሩን ለቆ ሄደ። ቅጥፈቱን እሱ ቀድሞ ጀመረ፤ እኔ ተከተልኩ። ይህን ስለ ራሴ አልደብቅም፤ ግን ስለ እሱ ነው የምጽፈው።

በዓመቱ ሌላ ዘር መጣ። መኪና አቀስታ ድረስ አምጥቶት ከዚያ ወዲህ በአጋሰስ ነው የተጫነው። መኩሪያ ቀደም ብሎ ደሴ ወርዶ ትምህርት ተሰጥቶት ተመልሷል። ይኼኛው ስንዴ ጆንያ ውስጥ እያለ ቀልቶ የመጣ ነው። የእኔ ቀለም በርበሬ ይመስል ነበር፤ ይህ ግን ወደ ጽጌረዳ ያደላል። ጆንያው ላይ የሰው ራስ ቅልና ሁለት አጥንት ተሥሏል፤ ከሥሩ ማንም የማያነበው የፈረንጅ ጽሑፍ አለ። "ይኼ ደግሞ የማን ራስ ነው?" ብሎ አንዱ ገበሬ ቢጠይቅ "የአምናው በላተኛ ነዋ!" አለው ጓደኛው። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ምን እንደነበረ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቁጭ አድርጎ ነገረኝ። መድኃኒቱ ባዝቃ፣ እሱ ሜርኩሪ የሚለው መርዝ፣ ያለበት ነው። ዘሩን ከአረማሞ ያድነዋል። የተቀባው ስንዴ መሬት ገብቶ ሲበቅል እሸቱ ጥቁር ዱቄት አይሆንም፤ ዛላው ሙሉ ይወጣል። ለዘር ደግ ነው። ሰው ሆድ ሲገባ ግን አንጎልና ጅማት ነው የሚበላ። ቀለሙ የተጨመረው ሰው አይቶ እንዲፈራ ነበር፤ ለማስጠንቀቂያ። ቀለሙ በውሃ ይለቃል፤ ባዝቃው አይለቅም። ደግሞ አይቸኩልም። በልቶ የጠገበ ሰው ሳምንትም፣ ሁለት ሳምንትም፣ ወርም ደኅና ሆኖ ይከርማል።

የዕደላው መጀመሪያ ቀን መኩሪያ የላስቲክ ጓንት አድርጎ እንዳምናው ጆንያ ላይ ወጣ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ ተናገረ። "ይህ ዘር መድኃኒት የተቀባ ነው። መርዝ ነው። የበላ ይሞታል።"

"አቶ መኩሪያ፣ ዘንድሮ ዘይቱ አብሮ አልመጣም?" አሉ አንድ ሽማግሌ። ከኋላ ዘፈኑን የጀመረውም አለ። እኔም በራፌ ላይ ቆሜ ስቄአለሁ። መኩሪያ አልሳቀም፤ ግን ሌላ ቃል አልጨመረም። አንድ ወረቀት አወጣ። ማስጠንቀቂያ ተነግሮኛል የሚል ነው። ሁሉም እየሳቀ ተራ በተራ አውራ ጣቱን አተመ። የእህቴ ባል አሊም በመጀመሪያው ሳምንት መጥቶ አትሞ፣ ድርሻውን ተሸክሞ ሄደ።

ዕደላው ሦስት ሳምንት ፈጀ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ላሰጣ ስወጣ የመኩሪያን ዶሮዎች አየሁ። እግራቸውን በገመድ አስሯቸዋል። ጓሮው ላይ ባዶ ጆንያዎቹን ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብራል። ጨርሶ እጁን በአመድ አሸ፣ በሳሙና ደገመ፣ እንደገና በአመድ ሠለሰ። ያ ለአንዲት ፍሬ ስንዴ የሚጎነበስ ሰው፣ ከጆንያው የረገፈውን ስንዴ ሳይለቅም አፈር መለሰበት። ያኔ የያዝኩትን ልብስ ጣልኩ። ወደ አጥሩ ሄድኩ።

"አቶ መኩሪያ፣ የዘንድሮው የምር ነው እንዴ?"

"ነግሬያችኋለሁ እኮ።"

"አምናም ነግረውን ነበር።"

ፎጣውን ከገመዱ አወረደ።

"ነገ ገበያ ነው፤ አገር ይሰበሰባል። ወጥተው 'የአምናው የአለላ ቀለም ነበር፣ ዋሽቻችኋለሁ፤ የዘንድሮው እውነት ነው' ይበሏቸው። ሌላ ምንም አያስፈልግም። ያምኑዎታል።"

"እኔ ገበያ መሐል ቆሜ ዋሽቻለሁ ልበል?"

"አዎ፣ እርስዎ። ከእርስዎ በቀር የሚያምኑት የለም፤ የዋሿቸው እርስዎ ነዎታ!"

"የመንግሥት ሰው ገበሬ ፊት ቆሞ ዋሽቼ ነበር አይልም። ዛሬ እንዲህ ካልኩ ነገ ማን ይሰማኛል?"

"አሁንስ ማን እየሰማዎት ነው?"

እጁን በፎጣ ሲያደርቅ ቆየ። አጥሩን ይዤ ለመንኩት። በእናቱ ለመንኩት፣ በማርያም ለመንኩት፤ እኔ እስላሟ ለእሱ በማርያም! "እንግዲያው እኔ እናገራለሁ" አልኩ በመጨረሻ።

"ተናገሪያ" አለኝ ረጋ ብሎ። "ቀለሙን ማን እንዳፈላው፣ በወላሂ ማን እንደማለም አብረሽ ተናገሪ።"

በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። ለሽንኩርት ሻጮቹ ጀመርኩላቸው። "ውይ ዘይነባ፣ አንቺንም ገዛሽ?" ብለው ተንከተከቱ። ጥጥ ተራ ሄድኩ፤ እዚያም ሳቁ። እያንዳንዱ ሳቅ ላይ መኩሪያን ዞሬ አየሁት፤ ከመጋዘኑ ደጅ ቆሞ ሱሪውን ያራግፋል። ሃያ እርምጃ እንኳ ከገበያው አይርቅም ነበር። አልመጣም።

ስንደዶዬን ጥዬ ወደ እህቴ መንገድ ገባሁ። ዝናቡ እየደበደበኝ፣ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እያልኩ ደረስኩ። ታማ አገኛታለሁ ብዬ ነበር። ሀዋ በራፏ ላይ ቆማ ትስቃለች! ጉንጯ ሞልቷል። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። አሊም ከእርሻ እየተመለሰ፣ ቀንበሩን ተሸክሞ ያንጎራጉራል።

"እታለም፣ ስንዴውን ተይው። የዘንድሮው የምር መርዝ ነው" አልኳት ገና እርጥብ ልብሴን ሳላወልቅ።

"ሦስት ሳምንት ሊሆነን ነው የበላነው" አለችኝ። "ሰባት ጊዜ አጠብኩት፤ ውሃው ጥርት እስኪል። መጀመሪያ ለዶሮዋ ሰጠናት። ያቻትልሽ፣ እንቁላል እየጣለች ነው።"

"ለማንኛውም ተይው።"

"ብተወው ምን ልብላ?" አለች። ሳቋ ጠፋ። "ገብሱ እስኪደርስ ወር አለ። ይዘሽልኝ የመጣሽው አለ ወይ?"

ባዶ እጄን ነበርኩ። እንዲያ ስሮጥ እፍኝ ሽምብራ እንኳ መያዝ ትዝ አላለኝም። ዶሮዋን አየኋት። የእህቴን ጉንጭ አየሁት። መኩሪያ ዘንድሮ ውሸቱን በጓንት አሳምሮት ይሆናል የሚል ሐሳብ ገባኝ። ዶሮዎቹን ማሰሩን፣ ጆንያውን መቅበሩን፣ ሁሉንም ያደረገው እኔ አይቼ እንዳወራለት ይሆናል አልኩ። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርግ፤ እውነቱን እንኳ ያሳጣችኋል። ሀዋ በቅል ንፍሮ አቀረበችልኝ። በላሁ። እኔን አንድ እፍኝ ምንም አላደረገኝም። እነሱ ግን ገብሱ እስኪደርስ በሉ።

በመስከረም አሊ ጣቶቼ ላይ ጉንዳን ይሄድብኛል አለ። ከዚያ ከንፈሩ ደነዘዘ። ከዚያ ሲሄድ ይወላገድ ጀመር። ጠላ በአፉ ዞሮ የማያውቀውን ሰው ጎረቤት ሰከረ ብሎ አማው። ሀዋ ደግሞ ዓይኗ እየጠበበ መጣ፤ በመርፌ ቀዳዳ እንደማየት ነው የሚሆንብኝ ትል ነበር። ጆሮዋም ተከተለ። ጅን ነው ተባለ፤ ሸሁ መጡ፣ ዱዓ ተደረገ። በየሸንተረሩ እንዲሁ ነበር፤ በየቤቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው። ኅዳር ሳይገባ አሊን ቀበርነው። በሆዷ የነበረው ልጅ ተወለደ፤ ሁለት ዓመት ኖረና አንገቱን አንድ ቀን እንኳ ቀና ሳያደርግ ሞተ። እሷ ቀረች። አፌን ከጆሮዋ ገጥሜ ስጮህ ብቻ ትሰማኛለች፤ የሌላ ሰው ድምፅ አይገባላትም።

ከደሴ መርማሪዎች መጡ። ሕዝቡ መጋዘኑ ደጅ ተሰበሰበ። መኩሪያ ከመሳቢያው ያን ወረቀት አወጣ። አውራ ጣት በአውራ ጣት የሞላ ወረቀት። የአሊም እዚያ ውስጥ አለ። "ለእያንዳንዳቸው አስጠንቅቄያለሁ። መርዝ ነው፣ የበላ ይሞታል ብያለሁ" አለ። ሕዝቡም አዎ፣ ብሎናል አለ። ስለ አምናው የጠየቀ አልነበረም። እጁን ጨበጡት። ቆይቶ የምስጋና ደብዳቤ መጣለትና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከተናገረው ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል የለችም። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ነበር። እጄን ነጠላዬ ሥር ደብቄ ዝም አልኩ። ቀለሙ ከለቀቀ ዓመት አልፎታል፤ ግን ደበቅሁት።

ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲያ መኩሪያ ሱሪውን ማራገፍ ተወ። መጋዘኑ ደጅ ላይ ስንዴ ተበትኖ ወፍ ሲለቅመው አይቶ ያልፋል። ሰው አርጅተዋል ይል ነበር። ወደ ደሴ ሊዛወር ሲል አንድ ጧት አጥሩ ላይ መጣ።

"እህትሽ ዘንድ ውሰጂኝ።"

"ምን ሊያደርጉ?"

"ውሰጂኝ ብቻ።"

ወሰድኩት። አዝኜለት አይደለም፤ ይያት ብዬ ነው። ግማሽ ቀን ሄድን። ሀዋ በራፏ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ጭንቅላቷ ሳታዝዘው ይወዛወዛል። መኩሪያ፣ ያ ገበሬን ቁጭ በል ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ጭቃው ላይ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ቀስ ባለ ድምፅ ተናገረ።

"የመጀመሪያው ቀለም ነበር። ዋሽቻችሁ ነበር። ሁለተኛው እውነት ነበር። ይህን ያኔ ገበያ ላይ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር።"

ይኸው! አጥር ይዤ የለመንኩት ያው ቃል። አንድም ሳይጎድል፣ እኔ እንዳልኩት። አሊ ከሞተ በኋላ፣ ልጁ ከሞተ በኋላ፣ ለማይሰማ ጆሮ።

ሀዋ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ በዚያች ጠባብ ዓይኗ ፈለገችኝ። "ዘይነባ፣ እንግዳው ምን አለ?"

"ንገሪልኝ" አለኝ መኩሪያ።

አፌን ከእህቴ ጆሮ ገጠምኩ። እሱም እንዲሰማ ጮክ አድርጌ "ውሃ ጠምቶኛል ነው የሚለው!" አልኳት።

ቀና ብሎ አየኝ። አፉን ከፈተ፤ ግን አይደለም አላለም። ሀዋ "ውይ በሞትኩት፣ የመንገደኛ ጥም!" ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ላግዝሽ ብላት እንግዳዬ ነው ብላ እጄን ገፋችው። እንስራው ጋ ደረሰች፤ በቅል ቀዳች፤ እየተንቀጠቀጠች ስትመጣ ውሃው ቀሚሷ ላይ፣ መደቡ ላይ፣ መሬቱ ላይ ፈሰሰ። እሱ በሌለበት በኩል ዘረጋችለት። ተንበርክኮ ዞሮ ተቀበላት። የቀረችውን ጉንጭ ውሃ ጠጣ። ሲጠጣ ያለቅስ ነበር፤ አየሁት፤ አንጀቴ አልራራም።

ስንመለስ አጥራችን ጋ ስንደርስ "ለምን?" አለኝ።

"አንዲት ቃል ነው የለመንኩዎ፤ ነሱኝ። እኔም ነሳሁዎ" አልኩትና በሬን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ገበያው ላይ ሞቱን በሰማሁ ማግስት ሀዋ ዘንድ ሄድኩ። አሁን ጸጉሯ ሸብቷል። ሁልጊዜ ስመጣ እንደምትለው "የገበያ ወሬ ንገሪኝ" አለችኝ። የጨው ዋጋ ነገርኳት፤ ማን እንደተዳረ ነገርኳት። ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ያ ያን ጊዜ ውሃ የጠየቀሽ እንግዳ ሞተ።"

"ኢና ሊላሂ!" አለች። የሚንቀጠቀጡ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ዱዓ አደረገችለት፤ ረዥም ዱዓ፣ ለዘመድ የሚደረገውን። ፊቷን በእጇ አበሰች። ለዚህ ሰው ከልቡ ካዘነ ሰው ፊት ስቀመጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም በእሷ ቤት።

"ያን ቀን አብዛኛው ውሃ ፈስሶብኝ ነበር" አለችኝ። "ስንት ጊዜ ትዝ ይለኛል መሰለሽ። ጥሙ ቆርጦለት ይሆን?"

አፌን ከጆሮዋ ገጠምኩ። "አልቆረጠለትም" አልኳት። ስለዚያ ሰው ለእህቴ የነገርኳት እውነት ይህ ብቻ ነው።

እሷም ወደ እኔ ዞረች። "ታዲያ እኔስ እንዲህ ነኝ፤ አንቺ ምነው ውሃውን ሳትደግሚለት ቀረሽ?"